ሮማን ሆሊዴይ (1953)፦ ጆ ልዕልቷን «አንቺ» ይበላት ወይስ «እርስዎ»?

ጥቁርና_ነጭ
ሰላም ለዚህ ቤት። ለዳይሬክተሩ ዊልያም ዋይለር ፊልም ለ«ሮማን ሆሊዴይ» የአማርኛ ሰብታይትል እየተሠራ ነው፤ ከአጃቢዎቿ አምልጣ ሮም ውስጥ አንድ ቀን የምታሳልፍ ልዕልትና ያገኛት ጋዜጠኛ ታሪክ ነው። ሁለት ነገር ግን ሥራውን አቁሞታል። አንደኛው፣ እንግሊዝኛው ከላይ እስከ ታች ሰውን ሁሉ በአንድ ቃል ነው የሚጠራው። በአማርኛ ጋዜጠኛው ጆ ብራድሊ ልዕልት አንን ምን ብሎ ያናግራት? ሁለተኛው፣ ጽሑፉ ሲጀምር ከንግግሩ ጋር ልክ ነው፤ እየቆየ ይዘገያል፤ መጨረሻው ላይ ወደ አምስት ደቂቃ ገደማ ኋላ ይቀራል። መላ ያላችሁ?

ተመልካቾቹ ኦድሪ ሄፕበርንን በፎቶ እንጂ በፊልም የማያውቁ ናቸው። ስለ ተዋንያኑ ሊነገራቸው የሚገባ ካለም ጨምሩበት።

ባለ_ፕሮጀክተር
ቀላሉን ልጀምር። ቪዲዮው ስንት ደቂቃ ነው? ፊልሙ 118 ደቂቃ ነው። ያንተ 113 ከሆነ ከአውሮፓ ዲቪዲ የተቀዳ ነው። ፊልሙ የተቀረጸው በሰከንድ 24 ምስል ነው፤ የአውሮፓ ቴሌቪዥን 25 ያሳይ ስለነበር ዲቪዲው ላይ ሲያሰፍሩት ያፈጥኑታል። ስለዚህ ንግግሩ በየደቂቃው ሁለት ሰከንድ ከግማሽ ገደማ እየቀደመ ይሄዳል፤ ጽሑፉ ግን የተሰፋው በ118 ደቂቃ ልክ ነው።

ሰብታይትል ኤዲት በሚባለው የሰብታይትል ማረሚያ ፕሮግራም ውስጥ የፍሬም ፍጥነት መቀየሪያውን ከፍተህ ከ24 ወደ 25 አድርገው። ሙሉውን ጽሑፍ ወደ ፊት መግፋት ዋጋ የለውም፤ አንዱን ጫፍ ስታቃና ሌላው ይጣመማል።

ጥቁርና_ነጭ
አዎ፣ 113 ነው። ተስተካክሏል፤ ግን መጨረሻው ላይ አሁንም ሰባት ሰከንድ ያህል ይዘገያል።

ሚሊሰከንድ
ጽሑፉ የተሰፋበት ቪዲዮ ፍጥነት ልክ 24 ሳይሆን 23.976 ስለሆነ ነው። በ0.96 አባዝተኸዋል፤ መባዛት ያለበት በ0.95904 ነበር። ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል እንጂ በ118 ደቂቃ ውስጥ ያቺኑ ሰባት ሰከንድ ይወልዳል። ከመጀመሪያው ፋይል ተነስተህ ከ23.976 ወደ 25 ቀይር። ከዚያ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ንግግር ብቻ አረጋግጥ፤ ሁለቱ ከገጠሙ መሀሉ አብሮ ይገጥማል። መሀል ላይ ድንገት ከዘለለ ግን የተቆረጠ ትዕይንት አለና ከዚያ ቦታ በኋላ ያለውን ለብቻው አንቀሳቅስ።

ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 (የፊደል ኮድ ዓይነት ነው) አስቀምጥ፤ አለዚያ ፊደሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። በጥያቄ ምልክት ፈንታ ባዶ ሳጥን ካየህ ችግሩ ሌላ ነው፦ ቴሌቪዥኑ የግዕዝ ፎንት የለውም። ብዙ ቴሌቪዥኖች በዩኤስቢ ሲያጫውቱ እንዲህ ናቸው። መፍትሔው ጽሑፉን በኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም በኒያላ ፎንት ምስሉ ላይ አትሞ ማውጣት ነው፤ ሃንድብሬክ የሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ይሠራዋል።

ፊደል_ቆጣሪ
ወደ ዋናው ጉዳይ። «አንቺ»ንና «እርስዎ»ን በሰው አትወስን፣ በትዕይንት ወስን።

ሌሊቱን እንውሰድ። ጆ ያገኘው መንገድ ዳር የተኛች፣ አፏ የሚተሳሰር ልጅ ነው። የሐኪሙ የማስተኛ መርፌ ነው እንዲያ ያደረጋት፤ እሱ ግን የሰከረች መስሎታል። ስለዚህ «አንቺ»፣ ያለ ምንም ጥርጥር። እሷ ደግሞ ያደገችው በማዘዝ ነው። ክፍሉ ገብታ ፒጃማውን ከተቀበለች በኋላ እንዲወጣ ፈቃድ ትሰጠዋለች። እዚህ ጋ «መውጣት ትችላለህ» ብለህ ብትጽፍ ቀልዱ ሞተ። «እንድትወጣ ፈቅደንልሃል» በል። የሰው ፒጃማ የታቀፈች ልጅ ባለቤቱን ከገዛ ክፍሉ በቤተ መንግሥት ወግ ስታሰናብት ሳቁ ራሱ ይመጣል።

በማግስቱ ጆ ጋዜጣ ላይ የልዕልቷን ፎቶ አይቶ ወደ ቤት ይሮጣል። ፎቶውን ከተኛችው ልጅ ፊት ጋር አስተያይቶ በሹክሹክታ በማዕረጓ ይጠራታል፤ እሷም በእንቅልፍ ልቧ ትመልሳለች። ይህን ቦታ ብዙ ተርጓሚ «አቤት» ብሎ ያበላሸዋል። ልዕልት «አቤት» አትልም፤ «አቤት» የሚባለው ለታላቅ ነው። «ልዕልት ሆይ?» ሲላት «ወይ... ምንድን ነው?» ትበል። ያቺ «ወይ» ማንነቷን ከፎቶው እኩል ታጋልጣለች።

ከዚያ በኋላ ነው አማርኛ ከእንግሊዝኛው የሚበልጠው። ጆ አሁን ማን እንደሆነች ያውቃል፤ እንደሚያውቅ ግን ልታውቅ አይገባም። አንዴ «እርስዎ» ካለ ተያዘ። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ «አንቺ» እያለ መዋሸት አለበት። ቲቤር ወንዝን ዋኝተው እስኪወጡ ድረስ የሚላት «አንቺ» የጋዜጠኛ «አንቺ» ነው፤ ከዚያ በኋላ የወዳጅ ይሆናል። ቃሉ ያው፣ ሰውየው ግን ሌላ።

መጨረሻ ላይ በጋዜጣዊ መግለጫው አዳራሽ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገለበጣል፤ እሱም «እርስዎ»፣ እሷም «እርስዎ»። ትናንት ማታ መኪና ውስጥ «አንተ» ስትለው የነበረችው ልጅ እጇን ዘርግታ «ሚስተር ብራድሊ፣ ስላገኘሁዎት ደስ ብሎኛል» ትለዋለች። እንግሊዝኛው ይህን የሚያደርግበት ተውላጠ ስም የለውም። እኛ አለን፤ ታዲያ ያለንን በከንቱ እንዳናባክነው ከዚህ ቦታ በፊት በመካከላቸው አንድም «እርስዎ» አይግባ።

ነገር_ፈላጊ
በ«ፈቅደንልሃል» አልስማማም። እንግሊዝኛው ላይ ስለ ራሷ በነጠላ ነው የምትናገረው። «እኛ» ማለት የነጋሢ እንጂ የወራሽ ወግ አይደለም። ደግሞስ በሌሊት መንገድ ላይ ያገኛትን፣ ጥሩ የለበሰች የማያውቃትን ሴት ጨዋ ሰው «እርስዎ» አይላትም?

ፊደል_ቆጣሪ
የመጀመሪያው ተገቢ ትችት ነው። «ፈቅጄልሃለሁ» ብትልም ያስኬዳል፤ ዋናው «ፈቃድ» የሚለው ቃል እንዳይወጣ ነው። በሁለተኛው ግን አልሸነፍም። ጆ ጨዋ ነው፣ ግን ፖከር ተበልቶ ወደ ቤቱ የሚሄድና እንቅልፉ የመጣ ሰው ነው። «እርስዎ» ካላት ከመጀመሪያው ያከብራታል፣ መጨረሻ ላይ የሚሰጣት ነገር አይኖረውም።

ማዕረጉን በተመለከተ፦ «ግርማዊነትዎ» የንጉሥ ነው፤ «ክቡርነትዎ» የአምባሳደርና የሚኒስትር ነው። ለመሳፍንት ያለን «ልዑልነትዎ» ነው። ለሴት «ልዕልት ሆይ» አጭር ስለሆነ ስክሪን ላይ ይመቻል። «ሚስተር»ን ደግሞ ወደ «አቶ» አትቀይር፤ «አቶ ብራድሊ» የቀበሌ መታወቂያ ያወጣ ይመስላል።

ጥቁርና_ነጭ
ጣሊያንኛውስ? ፖሊሱ፣ የገበያው ሰው... የሚናገሩት ጣሊያንኛ ነው።

ፊደል_ቆጣሪ
ተወው። ከእንግዶቹ ጋር ተመልካቹም ይደናገር። «ቬስፓ»ና «ጀላቲ» ለእኛ ሰው ትርጉም አያስፈልጋቸውም። ሊሬውንም ወደ ብር አትመንዝር። ጆ 1,000 ሊሬ ሲሰጣት አንድ ዶላር ተኩል ገደማ መሆኑን ራሱ ይነግራታል፤ ያ በቂ ነው። (በዚያን ጊዜ ዶላር በ2.48 ብር ሂሳብ ነበር፤ ወደ 3 ብር ከ70 መሆኑ ነው። የዛሬ ተመልካች ግን በዛሬ ምንዛሪ አስቦ ግራ ይጋባል።)

አሮጌ_ፖስተር
ስለ ተዋንያኑ። ቀረጻው እ.ኤ.አ. በ1952 በጋ ሲካሄድ ጆን የሚጫወተው ግሪጎሪ ፔክ 36፣ ልዕልቷን የምትጫወተው ሄፕበርን 23 ዓመታቸው ነበር። እሱ የታወቀ ኮከብ ነበር፤ እሷ በእንግሊዝ ፊልሞች ውስጥ ትንንሽ ሚና፣ በብሮድዌይ ደግሞ አንድ ትልቅ የመድረክ ሥራ ነበራት። ውሉ ከፊልሙ ርዕስ በላይ የፔክን ስም ብቻ እንዲያወጡ ያዛል። ፔክ ራሱ ነው የእሷ ስም ከእሱ እኩል ይውጣ ያለው። መግቢያው ላይ ስሟ እንዴት እንደተጻፈ አስተውሉ፤ ሆሊውድ ኮከብ ይህን ያህል ቦታ ሲለቅ ብዙ አይታይም።

የሙከራ ቀረጻዋ መስከረም 1951 ለንደን አጠገብ ፓይንዉድ ስቱዲዮ ነበር፤ የቀረጸው ቶሮልድ ዲከንሰን ነው። ትዕይንቱ አለቀ ተብሎ ካሜራው ሳይጠፋ ቀጠለ። ማለቁን አምና ስትዝናና፣ ስትስቅ፣ ስታወራ የተቀረጸችው ነው ዋይለርን ያሳመነው።

ዋይለር አንድን ትዕይንት ደጋግሞ በማስቀረጽ የታወቀ ነው። «የእውነት አፍ» የሚባለው፣ ውሸታም እጁን ቢያስገባበት ይነክሳል የሚሉት ድንጋይ ጋ ያለው ትዕይንት ግን በአንድ ጊዜ ነው ያለቀው። ፔክ እጁን ድንጋዩ አፍ ውስጥ ከትቶ ሲያወጣው እጅጌው ውስጥ ደብቆታል። ለሄፕበርን አልተነገራትም። ጩኸቷ የትወና አይደለም። ስታዩ የእጅጌውን ጫፍ ተከታተሉ፤ ብልሃቱ እዚያ ነው።

የመኪናው ስንብት ተቃራኒው ነው። እንባ እምቢ አላት፤ ደጋግመው ቀረጹ፤ ዋይለር ሲቆጣት አለቀሰች፣ ያ ተወሰደ።

መጋቢት 25 ቀን 1954 ኦስካር፣ ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ለሌላ የመድረክ ሥራዋ የቲያትሩን ሽልማት ቶኒን ወሰደች። ፊልሙ በ10 ዘርፍ ታጭቶ 3 አሸነፈ፦ ምርጥ ተዋናይት፣ የጥቁርና ነጭ ፊልም አልባሳት (ኢዲት ሄድ)፣ እና ታሪክ። ልብሷን ከትዕይንት ትዕይንት አስተያዩት። ጠዋት አንገቷ ድረስ የተዘጋ ሸሚዝ፣ ረጅም እጅጌ፤ ከዚያ እጅጌው ይጠቀለላል፣ አንገቱ ይከፈታል፣ ስካርፕ ይመጣል። አንዱ ሸሚዝና አንዱ ቀሚስ ናቸው ሙሉ ቀኑን የሚተርኩት።

ነገር_ፈላጊ
ኤዲ አልበርትን ዘለልከው!

አሮጌ_ፖስተር
እውነት ነው፣ ይቅርታ። ፎቶ አንሺው ኧርቪንግ እሱ ነው፤ ለረዳት ተዋናይ ኦስካር ታጭቶ ለፍራንክ ሲናትራ አለፈው። የፊልሙ ግማሽ ሳቅ የሱ ነው። ካፌው ላይ ምስጢሩን ሊያወጣ በተቃረበ ቁጥር ጆ መጠጥ ያፈስበታል፣ ከወንበር ይጥለዋል። ያን ጊዜ ጆን ሳይሆን የአልበርትን ፊት እዩ፤ ንዴትና ግራ መጋባት በየተራ ይፈራረቁበታል።

ሲጋራ መለኮሻ መስላ ፎቶ የምታነሳው ካሜራ የፊልም ፈጠራ አይደለችም። ኤኮ 8 የምትባል፣ በ1951 የወጣች የጃፓን ሥራ ናት፤ በ8 ሚሊሜትር ፊልም ነው የምታነሳው። ከእንዲህ ያለች ቁራጭ መጨረሻ ላይ እንደምናያቸው ጥርት ያሉ ትልልቅ ፎቶዎች ማተም ግን... እንተወው።

ጥቁርና_ነጭ
የታሪክ ኦስካሩን የወሰደው ማን ነው? መግቢያው ላይ ያለው ስም ቅጂ በቅጂ የተለያየ ነው።

አሮጌ_ፖስተር
ታሪኩን የጻፈው ዳልተን ትራምቦ ነው። በ1947 የአሜሪካ ምክር ቤት በኮሚኒስትነት ከመረመራቸውና ታስረው ከወጡት አሥሩ የሆሊውድ ሰዎች አንዱ ስለነበር በስሙ መሥራት አይችልም ነበር። ወዳጁ ኢያን ማክሌላን ሀንተር ስሙን አዋሰው፤ ኦስካሩም ለሀንተር ተሰጠ። ትራምቦ በ1976 ሞተ። አካዳሚው ሽልማቱን ለሚስቱ ያስረከበው በ1993 ነው፤ የደራሲያን ማኅበሩ የስክሪፕቱን ክሬዲት የመለሰለት ደግሞ በ2011። አሮጌ ቅጂ ከያዝክ የሀንተርን ስም ታያለህ። ሰብታይትሉ ላይ የትራምቦን ስም ብትጨምር ማንም አይወቅስህም።

ባለ_ፕሮጀክተር
ለማሳያው ቀን የሚሆን። ምስሉ 1.37 ለ1 ነው፣ ካሬ የሚቀርብ። በዛሬ ሰፊ ስክሪን ላይ ግራና ቀኝ ጥቁር መሆኑ ልክ ነው። 55 ኢንች ቴሌቪዥን ወርዱ 122 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ፊልሙ 94ቱን ይይዛል፣ በየጎኑ 14 ሴንቲ ሜትር ጥቁር ይቀራል። «ስክሪኑ አልሞላም» የሚል ሰው አይጠፋም። ዙም ካደረጋችሁት ከላይና ከታች የምስሉ ሩብ ያህል ይጠፋል፤ የሄፕበርን ግንባር ይቆረጣል። ከለጠጣችሁት ደግሞ ፔክ ይወፍራል።

ምስል ማለስለሻውን አጥፉ፤ ካላጠፋችሁት ፊልሙ የሠርግ ቪዲዮ ይመስላል። ኖይዝ መቀነሻውንም አጥፉ፤ የፊልሙን ቅንጣት እያጠፋ ፊታቸውን ሰም ያደርገዋል። ሻርፕነሱን ወደ ታች አውርዱ። ግራጫው ወደ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ካደላ የቀለም መጠኑን ዜሮ አድርጉት። ድምፁ ሞኖ ነው። ዙሪያ ድምፅ የሚያስመስለውን አጥፍታችሁ አንድ ጥሩ ስፒከር ስክሪኑ ሥር መሀል ላይ ብታስቀምጡ ከአምስት ስፒከር ይሻላል።

ሰብታይትሉ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ነጭ ጽሑፍ። ነጭ ሸሚዟ፣ ነጭ ጓንቷ፣ የአዳራሹ ነጭ እብነ በረድ... ፊደሉ ይጠፋል። ፈዛዛ ቢጫ አድርጉት፣ ወይም ነጩን ወፍራም ጥቁር ጠርዝ ስጡት። መስመሩም ከምስሉ ወርድ እንዳይወጣ በመስመር ከ24 እስከ 26 ፊደል፣ ከሁለት መስመር አይብለጥ። ሁለት ሙሉ መስመር ከሆነ ቢያንስ አራት ሰከንድ ይቆይ።

ሮም_በእግር
ሮም ላላችሁ፣ ወይም ለምትሄዱ። ቦታዎቹ በአንድ ቀን በእግር ይዳረሳሉ፤ ፊልሙ በሚሄድበት ቅደም ተከተል ግን አትሂዱ፣ ከተማውን ወዲያና ወዲህ ያስዘልላችኋል። የጆ ቤት ቪያ ማርጉታ 51 ነው፤ ከዚያ ጀምሩ። ቀጥሎ የስፔን ደረጃዎች። ጀላቲ ይዛችሁ እንደሷ ልትቀመጡ ካሰባችሁ እንዳታስቡ፤ ከ2019 ጀምሮ ደረጃው ላይ መቀመጥ ክልክል ነው፣ ቅጣቱ 250 ዩሮ ነው። (ፊልሙን ስታዩ ከኋላዋ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ሰዓት ተመልከቱ፤ ካሜራው በተቀየረ ቁጥር ይዘላል።) ቀጥሎ ፀጉሯን የተቆረጠችበት የትሬቪ ፏፏቴ አካባቢ፣ ከዚያ ፓላትዞ ኮሎና፤ የመጨረሻው አዳራሽ እሱ ነው። ለጎብኚ የታወቀው ቀኑ ቅዳሜ ጠዋት ስለሆነ ጉዞውን በዚያ ልክ አውጡት። ደረጃው ላይ በ1849 የገባ የመድፍ ጥይት አሁንም እንደተቀመጠ ነው።

ከዚያ ወደ ደቡብ ወርዳችሁ ሳንታ ማሪያ ኢን ኮስሜዲን። «የእውነት አፍ» ከቤተ ክርስቲያኑ በረንዳ ላይ ነው፤ ድንጋዩ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ስፋት አለው። ሰልፍ አለ፤ በጠዋት ይሻላል። ማምሻውን ካስቴል ሳንት አንጄሎ፤ ጭፈራውና ድብድቡ ከሥሩ ወንዙ ላይ ነበር።

ሐውልት_ጠባቂ
በዚሁ አጋጣሚ፦ ከ«የእውነት አፍ» ተነስታችሁ ቺርኮ ማሲሞን በዳር በኩል ብትጨርሱት አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ፖርታ ካፔና ትደርሳላችሁ። ፔክ እጁን እጅጌው ውስጥ ሲደብቅ የአክሱም ሐውልት እዚያ ቆሞ ነበር። በ1937 የተተከለው፣ 24 ሜትር። ጣሊያን በ1947ቱ የሰላም ውል የዘረፈችውን በ18 ወር ልትመልስ ፈርማ ነበር፤ ቀረጻው ሲካሄድ ቀኑ አልፎበታል። አክሱም የተመለሰው በ2005 ነው።

ሄፕበርንም ወደ እኛ ዘንድ መጥታለች። በዩኒሴፍ የበጎ ፈቃድ አምባሳደርነት የመጀመሪያ የመስክ ጉዞዋ መጋቢት 1988 ኢትዮጵያ ነበር፤ መቀሌ የሕፃናት ማሳደጊያ ድረስ ሄዳለች።

ነገር_ፈላጊ
ይሄ ለመግቢያ ንግግሩ ይሁን። ርዕሱስ? «የሮም ዕረፍት» የሚሉ አሉ።

ፊደል_ቆጣሪ
«ሮማን ሆሊዴይ» ብለህ ተወው። በእንግሊዝኛ ከባይረን ግጥም የመጣ ሌላ ትርጉምም አለው፦ በሌላው ስቃይ መደሰት፤ ግላዲያተር ለሮማውያን የበዓል መዝናኛ ሲታረድ። ጆ የልጅቷን ቀን ለ5,000 ዶላር ሊሸጥ መነሳቱን ርዕሱ አስቀድሞ እየነገረን ነው። «የሮም ዕረፍት» ግን የጉዞ ወኪል ማስታወቂያ ነው።

ጥቁርና_ነጭ
የቀረው የመጨረሻው አዳራሽ ነው። «እምነት» ያለበት ቦታና «ሮም» የምትልበት።

ፊደል_ቆጣሪ
ስለ አገሮች ወዳጅነት ስትጠየቅ በሰዎች መካከል ባለው ግንኙነት እንደማምነው በዚህም አምናለሁ ትላለች። ጆ በድርጅቱ ስም ልዕልቷ ያመነችው ከንቱ እንደማይሆን ይመልሳል። ፎቶዎቹን አላወጣም ማለቱ ነው፤ የሚገባቸው ሁለቱና ኧርቪንግ ብቻ ናቸው። ሁለቱም ቦታ አንድ ቃል ተጠቀም፦ «እምነት አለኝ» ካለች እሱም «እምነትዎ» ይበል። አንዱን «እተማመናለሁ»፣ ሌላውን «ተስፋ» ካደረግክ መልእክቱ አይደርሳትም።

ከከተሞቹ የትኛውን እንደወደደች ሲጠይቋት የተጠናውን የዲፕሎማት መልስ ትጀምርና ትቆማለች። «ሁሉም በየራሳቸው...» የሚለውን ለብቻው ሰብታይትል አድርግ፤ ስታቆም ይጥፋ። «ሮም» ከአፏ እስክትወጣ ስክሪኑ ባዶ ይሁን። ሁለቱን በአንድ ሳጥን ካሰፈርክ ተመልካቹ ከሷ በፊት ያነበዋል። ከዚያ «ያለ ጥርጥር፣ ሮም»።

ጥቁርና_ነጭ
ከዚያ በኋላ ጆ ብቻውን አዳራሹን ሲያቋርጥ ስክሪኑ ባዶ ስለሆነ የተርጓሚው ስም እዚያ ቢወጣስ?

ሚሊሰከንድ
ኧረ በፍጹም። ጽሑፉ ሁሉ አልፎ ስክሪኑ ከጨለመ ሁለት ሰከንድ በኋላ አውጣው።